የሸራው ቀብድ

ጥቅምት 3

ለውዱ የእህቴ ልጅ፣ ለቁልፍ፤

ሰላምታዬ ከፖስታው ቀድሞ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ያ አንሶላ የሚተኩስ ማሽን እጅህን ሳይበላ አለ ወይ? እኔ ከናፍቆትህና ሆዴ ውስጥ ያለ ኪራይ ከተቀመጠችው እብጠት በስተቀር ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ ድምፄን እንደ ሐኪም ታዳምጣለህ፣ «ምነው ደከመሽ?» ትለኛለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ አንተ ታኮርፋለህ። ወረቀት አያቋርጠኝም። ደግሞ ፋርማሲስቷ መድኃኒት ልታመጣ አንተ ወዳለህበት ስለምትመጣ ፖስታው ነፃ ነው።

ወሬውን ከክፉው ልጀምርልህ። ሐኪሙ ቀን ቆርጧል። ኅዳር 15 ከፍቶ ያወጣታል። ኅዳር ካለፈ አስቸጋሪ ትሆናለች ብሎኛል። ከመቶ ሰው ስንቱ ደህና ወጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሊነግረኝ ሲል «ተወው ጌታዬ» አልኩት። እኔ ሰው የምለካው በሜትር ነው፣ በመቶኛ አይደለም።

ሁለተኛው ወሬ የጌማችን ነው። አዲሱ ሲዝን መጀመሩን አይተሃል? ስትሄድ ስልኬ ላይ ይህን የጀልባ ጨዋታ ጭነህልኝ «ጆንያ እያመላለስን እንገናኛለን» ስትለኝ ስቄብህ ነበር። አሁን ሱቅ ዘግቼ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ወደቡን የማየው። አንተ ከጎኔ ቆመህ ከሆነ ደወል ትደውልልኛለህ፣ እኔም እመልስልሃለሁ፣ ከዚያ እራቴ ይበላልኛል። ደወል ብቻ እንጂ ወሬ የማያስተላልፍ ጨዋታ መሆኑ በጀን እንጂ እዚያም ላይ እንጣላ ነበር።

ታዲያ የዚህ ሲዝን የመጨረሻው ሽልማት ምን መሰለህ? ሸራ ነው። ሃምሳኛው ደረጃ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰማያዊ ሸራ። አቅርቤ አየሁት። ጠርዙ ታጥፎ በቀይ ክር ሁለቴ ተሰፍቷል፣ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ማጠናከሪያ ጨርቅ አለው። የሳለው ሰው መርፌ ይዞ ያውቃል፣ ወይም እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ግን ሸራው ለሁሉ አይሰጥም። ፓስ የሚሉትን ለገዛ ብቻ ነው።

አንተ ሂሳብ ትችላለህና ንገረኝ፣ ያዋጣል ወይ? ካዋጣ ግዛልኝ። ከዚህ ሆኜ መክፈል ስለማልችል ገንዘቡን ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። ከኪስህ እንዳትጨምር፣ እንዳትለውጠውም። የእኔው ገንዘብ ይሁን።

ሱቁ ደህና ነው። የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም አልቆ ወጥቷል። ኮት ያዘዙት ጡረተኛው መምህር ግን ባለፈው ሳምንት አረፉ። ጨርቃቸው እንደታጠፈ መደርደሪያ ላይ ነው። ቀብዱን ለልጃቸው መልሼ ሰጠኋት። በዚህ ሱቅ ቀብድ የሚመለሰው ባለልብሱ ሲሞት ብቻ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሐሳቡን የቀየረማ ቀብዱን ይርሳ! ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ይህንን ነው። አንተም ልጅ ሳለህ ቀብድ ስመልስ ካየህ ጠረጴዛው ሥር ትገባ ነበር።

የያዝከው ይበርክትልህ፣ የረገጥከው ይለምልምልህ። ክፉ አይይብህ።

አክስትህ መቀስ


ጥቅምት 21

ለእናትም ለአክስትም ለሆንሽኝ፣ ለመቀስ፤

ጤናሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም እያልኩ በሩቅ እጅ እነሳለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እጄም ሙሉ ነው፣ ማሽኑ እስካሁን የበላው አንድ የሸሚዝ እጀታ ብቻ ነው።

መልሴ የዘገየው ነገሩን እንደዋዛ ላለማየት ብዬ ነው። እብጠቷን ስታወሪ ሳቅሽ፣ ሸራውን ስታወሪ ግን ቁም ነገረኛ ሆንሽ። ገርሞኛል። ለማንኛውም የጠየቅሽኝን ፓስ በደንብ መርምሬዋለሁ።

ደረጃው ሃምሳ ነው። ሽልማቱ በሁለት መደዳ የተሰለፈ ነው። የነፃው መደዳ ገመድ፣ ጆንያና ጥቂት ሳንቲም ይሰጣል፤ እሱን ፓስ ሳትገዢም ታገኚዋለሽ። የተከፈለበት መደዳ ብዙ ይመስላል፣ ግን አንድ በአንድ ስታይው ቀለም ነው፣ ባንዲራ ነው፣ የመልሕቅ ጌጥ ነው። ጀልባሽን አንድ ክንድ አያስኬዳትም። ቁም ነገሩ አርባኛው ደረጃ ላይ ያለው ሳንቲም ነው፤ እዚያ የደረሰ የሚቀጥለውን ሲዝን ፓስ በዚያው ሳንቲም ይገዛል። እንግዲህ የሚጨርስ ሰው አንዴ ከፍሎ ዘላለም ይጫወታል፣ የማይጨርስ ሰው ደግሞ ለሌላው ሰው ድግስ አዋጥቶ ይሄዳል ማለት ነው።

ከማሽኑ ማዶ አንሶላ የሚያጥፍ ጓደኛ አለኝ። አጣፊው እንለዋለን። እሱ የሌላ ጌም ፓስ በተከታታይ ሲዝን ገዝቶ አንዱንም አልጨረሰም። «ከሥራ ወጥቼ ሌላ ሥራ እገባ ነበር፤ ለዚያውም ከፍዬ» አለኝ። እውነቱን ነው። ፓሱን ከገዛሽ በኋላ ጨዋታው ይቀርና ግዴታ ይሆናል። በየቀኑ ጆንያ፣ በየሳምንቱ የታዘዘ ጭነት። አንድ ሳምንት ካመለጠሽ ሩጫ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሲዝኑ የሚዘጋው ታኅሣሥ 20 ነው። አንቺ ኅዳር አጋማሽ ላይ ትተኛለሽ። ከዚያ በኋላ ማገገም አለ፣ ስልክ መያዝ የማትችይበት ጊዜ አለ። ደምሬ ቀንሼ አየሁት፣ ሃምሳኛው ላይ አትደርሺም። አርባኛው ላይም አትደርሺም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉሻል ይህ ነው።

ብልሆች የሚያደርጉትን ደግሞ ልንገርሽ። ፓስ እስከ መጨረሻው ቀን ይሸጣል። በነፃ ተጫውተሽ የደረስሽበት ደርሰሽ፣ በመጨረሻው ቀን ብትከፍይ እስከዚያ ያለፍሽው ሽልማት ሁሉ በአንዴ ይከፈታል። ታዲያ አሁን መክፈል ለምን? መጨረሻው ሲታይ ይከፈላል። ካልደረስሽ ምንም አልከሰርሽም።

ስለዚህ ገንዘብሽን በዚሁ ፖስታ መልሼልሻለሁ። ለመድኃኒት ያስፈልግሻል። መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ ግቢ፣ የጌሙ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ አለቃዬ በዚህ ወር ሰው አልለቅም ብሎኛል። እንደገና እጠይቃለሁ። ሐኪሙ ያለሽን ሁሉ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ፈጣሪ ከአጠገብሽ አይለይ። እጅሽ አይዛል።

ልጅሽ ቁልፍ


ኅዳር 6

ለተከበርከው የእህቴ ልጅ፤

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ።

ፖስታው ደርሶኛል። ገንዘቡም ሳይጎድል ተመልሷል። ምክርህ የብልህ ምክር ነው፣ አመሰግናለሁ። ያልከው ሁሉ ገብቶኛል።

ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ቀኑን ሰርዣለሁ። ለመቼ እንለውጠው ሲለኝ እነግርሃለሁ አልኩት። አሁን ጥድፊያ አያስፈልገኝም።

ሁለት ነገር እንድታጣራልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ጀልባዬን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ። ከጎንህ ባዶ ቦታ እንዳይሆን ብዬ ነው። ሁለተኛው፣ ከጎን ሱቅ ያለው ጫማ ሰፊ የስፌት መኪናዬን ለምራቱ ሊገዛት ይፈልጋል። አንተ የምትፈልጋት ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ፣ ካልፈለግህ ቃል ልስጠው።

ስልኬ ተበላሽቷል፣ አትድከም። ይህን ወረቀት ፋርማሲስቷ በስልኳ አንስታ ትልክልሃለች።

አክስትህ


ኅዳር 8

እትዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ረጅም ሰላምታ የምጽፍበት አንጀት የለኝም። እኔም ወረቀቱን በፎቶ አንስቼ እልከዋለሁ፣ ፋርማሲስቷ እንደደረሳት ታነብልሻለች።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ምርቃት የለውም። አንቺ እኮ ተቆጥተሽ በሩን ከላዬ ላይ ስትዘጊ እንኳ ከውስጥ ሆነሽ ትመርቂኝ ነበር። አሁን «አክስትህ» ብቻ ብለሽ ጨረስሽ። መቀስ የት ሄደች?

ስልክሽ ይጠራል ግን አይነሳም። የተበላሸ ስልክ አይጠራም፣ እትዬ። ጀልባሽም ከወደቡ አልተነሳችም። በየቀኑ ሥራ ስገባና ስወጣ ደወል እደውላለሁ፣ መልስ የለም። ፋርማሲስቷን ደውዬ ጠየቅኳት። «ሱቋን ከፍታ ትቀመጣለች፣ ትሰፋለች፣ አዲስ ሥራ ግን አትቀበልም» አለችኝ። ልብስ ሰፊ አዲስ ሥራ አልቀበልም ሲል ምን ማለት ነው?

ቆይ፣ በምን ተቀይመሽኝ ነው? ፓሱን አልገዛሁም ብዬ? ለአንድ ሸራ? ስክሪን ላይ ለተቀባ፣ የማይታጠብ፣ የማይለበስ ነገር ብለሽ የሐኪም ቀጠሮ ትሰርዣለሽ? አንቺ ነሽ እኔን «ለመጫወቻ ብሎ እራቱን የሚተው ልጅ አላሳደግኩም» ስትይ የኖርሽው! አሁን ማን ነው ልጁ? በጌም አኩርፎ ነፍስ ላይ መቀለድ ምን ይሉታል?

ቀኑን መልሺ። ዛሬውኑ ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ። ካልሄድሽ እኔም ጌሙን ከስልኬ አጠፋዋለሁ፣ ከጎንሽም ማንም አይኖርም። መኪናዋን ለማንም አትሽጪ። ጀልባም አይተላለፍም፣ ጠይቄያለሁ።

ተናድጄ እንደጻፍኩ አውቃለሁ። ግን ፈርቼ ነው።

ቁልፍ


ኅዳር 10

ለእህቴ ልጅ፤

ፋርማሲስቷ ደብዳቤህን ስታነብልኝ አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔ ግን ከዚህ የባሰ ሰምቼ አውቃለሁ፣ ጨርሺው አልኳት።

በጌም የምኮርፍ መስዬህ ከሆነ ዓይንህ ታሟል። ሸራ ከፈለግኩ እኔ ራሴ እሰፋለሁ። ለአንድ ከተማ የሚበቃ እሰፋለሁ!

አንተ የት ነው ያደግከው? በዚህ ሱቅ፣ በዚህ ጠረጴዛ ሥር አይደለም? መርፌ ከለቃቀምክበት፣ ቁልፍ ከዋጥክበት ቤት ምንም ሳትማር ወጣህ? ሰው ቀብድ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ልብሱን ሊወስድ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው። ቀብድ የከፈለ ሰው ይመጣል። ያለ ቀብድ ያዘዘ ግን ይምጣ ይቅር ማን ያውቃል፤ ስለዚህ ጨርቁን አልቆርጥለትም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት በዚህ ነው።

ሐኪሙ ያለኝን ልንገርህ፣ ጠይቀሃላ። ካልሆነ ሁለት ጊዜ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል አለ። ደም ሊያስቸግር ይችላል አለ። ፊርማ ያለበት ወረቀት ሰጠኝ፣ ሳላነበው ፈረምኩ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ ያን ሸራ አየሁትና ታኅሣሥ 20 የሚያልቅ ነገር ላይ ቀብድ ልክፈል ብዬ አሰብኩ። ቀብድ ከከፈልኩ እመጣለሁ። የሞኝ ሐሳብ ነው፣ ግን ከደረጃው ያስነሳኝ እሱ ነው።

አንተ «አትደርሺም» ብለህ ጻፍክ። «መጨረሻው ሲታይ ይከፈላል» አልክ። ከዚያም ቀብዴን መልሰህ ላክልኝ።

ቀብድ መቼ እንደሚመለስ እኔ ላስተምርህ?

ፖስታውን ስከፍት ያ ገንዘብ፣ እኔ ባጠፍኩት እጥፋት፣ እንዳለ ወጣ። የመምህሩ ልጅ ቀብዱን ስትቀበለኝ እንዴት እንደቆመች ትዝ አለኝ። እኔም እንደዚያው ቆምኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ አልፈጀውም።

ፈርቻለሁ፣ ቁልፍ። ይኸው ነው።

አክስትህ


ኅዳር 11

እናቴ፣ አክስቴ፣ መቀስ፤

ከእግርሽ ሥር ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው፣ ከዚህ በላይ ሰላምታ አላውቅም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማሽኑ ላይ ቆሜ ነው። አንሶላውን ማቅናት ረሳሁና ተጠማዝዞ ገባ፣ ሲሊንደሩ ላይ ተጠቀለለ፣ መስመሩ በሙሉ ቆመ። አለቃዬ ከላይ ጮኸ። አጣፊው ምን ሆንክ አለኝ። ያልታጠበው አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን ብዬ ላስረዳው? «የአክስቴን ቀብድ መለስኩ» አልኩት። አልገባውም። ማንም ሊገባው አይችልም፣ ሊገባኝ የሚገባው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጠረጴዛው ሥር ሆኜ የማየው እግር ብቻ ነበር። ቀብድ ሊቀበሉ የሚመጡ ሰዎች እግር። ጫማቸው አይንቀሳቀስም። አንቺ ገንዘቡን ትሰጫቸዋለሽ፣ እነሱ ግን ቶሎ አይሄዱም። እሱን እያወቅኩ ፖስታውን በምራቅ አሽጌ ላክሁት። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ለመድኃኒት ይሁናት ብዬ! ሂሳቡን የሠራሁት ለጀልባዋ ነው። አንቺ ስለ ራስሽ ልታነቢው እንደምትችይ አንዴም አላሰብኩም። ደደብነቴን ይቅር በይኝ።

አሁን ስሚኝ። ከኪሴ ልገዛልሽ እችል ነበር፣ አልገዛሁም። ቀብድ ባለቤቱ ነው የሚከፍለው። ያንኑ ገንዘብ፣ በዚያው እጥፋት፣ ለፋርማሲስቷ ስጫት። ሰኞ ወደዚህ ትመጣለች። ግን እስከዚያ አልጠብቅም። እጇ ላይ መግባቱን በደወለችልኝ ደቂቃ ፓሱን እከፍትልሻለሁ።

ያዋጣል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የሚጨርስ ሰው ከሆነ ያዋጣል ብዬሻለሁ። አሁን ደግሞ እልሻለሁ፣ ትጨርሻለሽ። ካልጨረስሽም የራሱ ጉዳይ። አንቺ ብቻ ነይ።

እጅሽን ይባርከው፣ የሚከፍትሽንም ሰው እጅ ይባርከው። በሄድሽበት ሁሉ ደህና ግቢ፣ ደህና ውጪ።

ልጅሽ ቁልፍ


ኅዳር 17

ለቁልፌ፤

ሰላምታዬ ብዙ ነው፣ ወረቀቱ ትንሽ ነው፣ አስፍተህ አንብበው። ነርሷ ከፋርማሲዋ ማስታወቂያ ጀርባ ቀድዳ የሰጠችኝ ወረቀት ነው።

ነገ ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እገባለሁ። ሐኪሙ «መጣሽ?» አለኝ። «ቀብድ ከፍዬ ነው የመጣሁት» አልኩት። የሆስፒታሉን ክፍያ የምለው መስሎት ራሱን ነቀነቀ። ተወው።

ፋርማሲስቷ ገንዘቡን ፊቴ ስትቀበለኝና ስትደውልልህ፣ ስልኬ ላይ ጀልባዬ ዳር ዳሩን ወርቃማ መስመር አበጀች። እንዲህ ቶሎ ነው እንዴ? ሃያ ደረጃ ያህል ሽልማት በአንዴ ተከፈተልኝ። ባንዲራ፣ ብዙ ቀለም፣ መልሕቅ ላይ የሚንጠለጠል የማይረባ ጌጥ። ልክ ነህ፣ ቀለም ብቻ ነው። ጌጡን ግን አንጠለጠልኩት።

እዚህ የሚያለብሱት ጋዋን ከጀርባው ክፍት ነው። ማሰሪያው በአንድ ረድፍ ስፌት ብቻ ተይዞ፣ ሊበጠስ አንድ ክር ቀርቶት ነበር። ከነርሷ መርፌ ተቀብዬ የእኔንም የጎረቤቴንም አልጋ ሰው አጠናከርኩት። አሁን ከማዶ ክፍል ሁሉ እየመጡ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ፓስወርዴን ታውቀዋለህ፣ ያወጣኸው አንተ ነህ። እኔ ስተኛ ገብተህ በእኔ ስም ጆንያ እንዳታመላልስ። ልክ ለመለካት ባለልብሱ ራሱ ነው የሚመጣው፤ በሰው ቁመት ተለክቶ የሆነለት ኮት አይቼ አላውቅም። የቀረው ይቅር። ጀልባዬን እንዳትነካት።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። ሽፋኗን አልብሻት ነው የመጣሁት።

ክፉውን ሁሉ ከመንገድህ ያርቀው። ስወጣ እመርቅሃለሁ፣ የአሁኑ ግማሹ ነው።

መቀስ


ታኅሣሥ 3

ለአክስቴ ለመቀስ፣ ባለሽበት አልጋ፤

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር፤ ዘንድሮ ይህን ቃል ከአፌ ሳይሆን ከሆዴ ነው የምለው።

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልሽ አላውቅም። ፋርማሲስቷ በመጀመሪያው ቀን «ወጥታለች፣ ተኝታለች» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አጣፊውን አቀፍኩት። ከዚያ ትኩሳት አለ አለችኝ። ከዚያ እንደገና ሊከፍቱ ነው አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስደውልላት ንግግሯ አጠረ። «እየታየች ነው» ትለኛለች። እየታየች ማለት ምን ማለት ነው? አንቺ ብትሆኚ «የአማርኛ ቁጠባ» ብለሽ ትስቂባት ነበር።

ፈቃድ አላገኘሁም። ያለ ፈቃድ ብሄድ መመለስ የለም። ትናንት አለቃዬ ፊት ቆሜ «አክስቴ ናት ያሳደገችኝ» አልኩት። «እናት ከሆነች ቅጹ ላይ አለ፣ አክስት ግን የለም» አለኝ። 

ጀልባሽ ወደቡ ላይ ናት። ወርቃማው መስመር ያበራል፣ የማይረባው ጌጥ ተንጠልጥሏል። የዚህ ሳምንት ጭነት ዳርቻው ላይ ተከምሮ ቀርቷል። ያለፈውም እንደዚያው። ከእኔ ጀልባ ሆኜ ሳያት አንድ ሰው ወርዶ መንገድ ላይ የቆየባት ነው የምትመስለው።

ልንገርሽ፣ ትናንት ገብቼ ነበር። ስምሽን ጻፍኩ፣ ፓስወርዱን ጻፍኩ። መግቢያው ላይ ጣቴን አስቀምጬ ቆየሁ። ጭነቱን በአንድ ቀን እጨርስልሽ ነበር፣ ሃምሳኛውም ይደረስ ነበር፣ ሸራውንም ስትነቂ ታገኚው ነበር። አደራሽ ትዝ አለኝ። ከአደራው በላይ ግን ያስቆመኝ ሌላ ነው። እኔ ዛሬ ካንቀሳቀስኳት፣ ነገ ስትንቀሳቀስ አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?

ሁሉንም አጥፍቼ ወጣሁ። ወደ ራሴ ጀልባ ተመልሼ ደወሉን ደወልኩ።

ሂሳቡ ይቅር። ሸራውም ይቅር። አርባኛው፣ ሃምሳኛው ሁሉ ይቅር። አንድ ጆንያ ብቻ አንሺልኝ፣ እትዬ። አንድ።

ምርቃት የሚያውቁት ትልልቆች ናቸው፣ እኔ መለመን ብቻ ነው የማውቀው።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 21

ለቁልፍ፣ ደወል ለሚያሳብደው፤

ከሙሉ ሰላምታ ጋር፣ ከግማሽ ጉልበት ጋር እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ይህን ቃል ለወግ ብዬ አልጻፍኩትም። ቤቴ ነኝ፣ ወንበሬ ላይ ነኝ።

እንደገና ከተከፈትኩ በዘጠነኛው ቀን ስልኬን ያዝኩ። አንዷን ጆንያ ከወደቡ እስከ ጀልባ ለማድረስ ሦስቴ ጣልኳት። ካነሳኋት በኋላ ግን ያ ደወልህ! ነርሷ ስልኬ የተበላሸ መስሏት ልትወስደው መጣች። «ተይው፣ ልጄ ነው» አልኳት። ፋርማሲስቷን አትቆጣት፣ ሐኪሙ ራሱ ምን እንደሚላት ስላላወቀ ነው ንግግሯ ያጠረው። እንደፈራነው ሁለቴ ከፍተውኛል። የወጣችው እብጠት ተመርምራ ክፉ ዘር የላትም ተብሏል። ለዚያ ሁሉ ግርግሯ እንኳ አልበቃችም።

ስፌቴን ባለፈው ሳምንት አወጡልኝ። ሐኪሙ በሥራው ኮርቶ መስታወት አመጣልኝ። ጠማማ ነው። ርቀቱ እኩል አይደለም፣ አንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ጨርቁን፣ ማለቴ ቆዳዬን፣ ሰብስቦታል። ነገርኩት። «ይይዛል ወይ?» አለኝ። ይይዛል አልኩት።

ትናንት ሲዝኑ ተዘጋ። ሠላሳ አንደኛው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ሸራው ዓይኔ እያየ ደበዘዘና ጠፋ፣ ቦታውም ባዶ ሆነ። አንተ ሃምሳኛውን እንዳለፍክ አይቻለሁ፤ ፓስ የለህምና ያንተም ሸራ ቀረ። ሞኝ! ለእኔ ስትከፍት ለራስህ አትገዛም ነበር? ያልከው ሁሉ ልክ ነበር፣ አላዋጣም። በከፈልኩት ያገኘሁት ቀለም፣ ባንዲራና ያ የማይረባ ጌጥ ነው። ቂም የለኝም። መጥቻለሁ።

ሱቁን ከፍቻለሁ፣ ግማሽ ቀን ብቻ። የመምህሩ ልጅ መጥታ ነበር። ያንን የታጠፈ ጨርቅ ለወንድሟ ቁረጪልኝ አለችና ቀብዱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከባድ መቀስ ገና አላነሳም፣ ለጥር ቀጥሬያታለሁ።

ልክህንም ላክልኝ፤ ከሄድክ ወዲህ ትከሻህ ሳይሰፋ አይቀርም። ራስህ ቆመህ ተለካ፣ አጣፊው ሜትሩን ይያዝልህ።

አሁን ሙሉውን ምርቃት ተቀበል። የሄድክበት ይቅናህ፣ የያዝከው ወርቅ ይሁንልህ፣ የጠላህ ይፈርልህ፣ እኔንም ለማየት ያብቃህ።

አዲሱ ሲዝን ነገ ይጀምራል። ሽልማቱን ገና አላየሁትም፣ ምንም ይሁን ምን ግድ የለኝም። ፋርማሲስቷ ሰኞ ትመጣለች፣ ገንዘቡን በእጇ ልኬልሃለሁ። እንዳትመልሰው።

መቀስ